ለዶክትሬት የተላኩ ሽማግሌዎች

እስቲ ልጠይቃችሁ። በዓይናችሁ አይታችሁት ለማታውቁት፣ ባሕር ማዶ ለተቀመጠ ሰው፣ «ለአራት ዓመት ቀልበኝ፣ አልብሰኝ፣ ቤት ተከራይልኝ፣ እኔ በበኩሌ አነባለሁ» ብላችሁ ደብዳቤ ጽፋችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ጽፌያለሁ። አንድ ደብዳቤ ብቻ ቢሆን ባልተገረምኩ። ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ከሥራ ስወጣ፣ ቆቦ መናኸሪያ አጠገብ ባለችው የዘይነባ ኮምፒውተር ቤት ጥግ ላይ ተጎልቼ ስጽፍ ነው የኖርኩት። ወንበሩ የኔን ቅርፅ ይዟል። ሌላ ደንበኛ ሲቀመጥበት ይቆረቁረዋል አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመስኖ ባለሙያ ነኝ። ሁለተኛ ዲግሪዬን ይዤ አገሬ ቆቦ ተመልሼ ሥራ እንደጀመርኩ አንድ ሐሳብ ጭንቅላቴ ውስጥ ገብቶ አልወጣም አለ። በኛ በራያ ቆላ ዝናቡ ለኛ የሚዘንበው በትንሹ ነው። ደጋው ላይ ይዘንብና ጎርፉ ወደኛ ይወርዳል። ገበሬው ያንን ጎርፍ በክትር፣ በአፈር ግድብ፣ ጠልፎ ማሽላው ውስጥ ያስገባዋል። ማሳው ሲጠግብ ደግሞ ክትሩን በገዛ እጁ ቆርጦ ለታችኛው ጎረቤቱ ይለቅለታል። ፖሊስ አይቆምበትም፣ ደረሰኝ አይቆረጥበትም። እኔ በሕይወቴ ሰው ወረፋውን በፈቃዱ ሲለቅ ያየሁት እዚያ ብቻ ስለሆነ፣ ይህን ነገር አጥንቼ ዶክተር ልሁንበት አልኩ። ማን ከለከለህ ትሉኝ ይሆናል። ማንም አልከለከለኝም። የሚከፍልልኝ ነው የጠፋው።

ቦታማ ሞልቷል። ዩኒቨርሲቲዎቹ «ና ተማር» ይሉኛል፣ ያውም በደስታ፣ ያውም ባለማኅተም ወረቀት። ከታች በትንንሽ ፊደል ወጪው በራስህ ነው የሚል ነገር አለ። ወጪው በራሴ ከሆነ እኔን ለምን አስቸገሩኝ? ገንዘብ ያለው ቦታ ሲገኝ ደግሞ ከገንዘቡ ጋር አብሮ የማይፈታ መስፈርት ይመጣል። አንዱ ዜግነቴን ይጠይቃል፤ ሌላው በታወቀ መጽሔት ላይ ያሳተምኩትን ጽሑፍ ይጠይቃል፤ ጽሑፍ ለማሳተም ደግሞ ዶክትሬት የሚማር ሰው መሆን ይሻላል ይሉኛል። አንድ ጊዜ ስለ በረዶ ግግር የሚያጠና ሰው እንፈልጋለን የሚል ማስታወቂያ አየሁ። አመለከትኩ። ቆቦ ሆኜ፣ በሰኔ ሙቀት፣ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣብቆ፣ በረዶም እኮ ሲቀልጥ ውሃ ነው ብዬ ሁለት ገጽ ጻፍኩ። መልሱ በማግስቱ መጣ። እስከዛሬ ከደረሱኝ መልሶች ሁሉ ፈጣኑ እሱ ነው።

ዘይነባ የቤቱ ባለቤት ናት። ፎቶ ኮፒ ታነሳለች፣ ማመልከቻ ትተይባለች፣ የኔን ተስፋ ደግሞ ታትማለች። ትምህርቷን ከስምንተኛ ክፍል ብታቋርጥም ከኔ መልሶች ብዛት እንግሊዝኛ ለምዳለች። በተለይ «አንፎርቹኔትሊ» የምትለዋን የእምቢታ ቃል በሩቁ ትለያታለች። ደብዳቤው ገና ሲከፈት ጣቷን ስክሪኑ ላይ አሳርፋ «እቺውልህ፣ እዚች ጋ ተቀምጣለች» ትለኛለች። ከዚያ በኋላ ማንበቡ ለወጉ ያህል ነው።

እንዲህ እያልኩ ሠላሳ አራት ዓመት ሞላኝ። ዕድሜዬን የማነሳው እንድታዝኑልኝ አይደለም። አብዛኞቹ ማስታወቂያዎች «ከሠላሳ አምስት ያልበለጠ» ስለሚሉ ነው። ለጋብቻ ቸኩል ሲሉኝ የሳቅሁ ሰውዬ፣ ልደቴ በቀረበ ቁጥር በጣቴ ቀን እቆጥር ጀመር።

በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ ነው ያቺ ማስታወቂያ የወጣችው። አንዲት አውሮፓ ውስጥ ያለች ፕሮፌሰር፣ በጎርፍ መስኖ ላይ የሚያጠና አንድ ሰው ትፈልጋለች። አንድ። የአራት ዓመት ወጪ ተችሏል። ዕድሜ እስከ ሠላሳ አምስት። ሳነበው ማስታወቂያውን እኔው ራሴ ጽፌ የረሳሁት መሰለኝ። ጻፍኩላት። መልሷ ሲመጣ ዘይነባ እንደ ልማዷ ጣቷን አንስታ ፈለገች፣ ከላይ እስከ ታች ፈለገች፣ ቃሏን አጣቻት። «የለችም እኮ» አለችኝ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ፕሮፌሰሯ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በቪዲዮ እየተያየን ሃያ ደቂቃ እንነጋገር ብላ ነበር።

ያንን ሳምንት እንዴት እንደበላሁ፣ እንዴት እንደተኛሁ አትጠይቁኝ። ማክሰኞ ቤት ስገባ ሸህ እንድሪስ እናቴ ዘንድ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሸህ እንድሪስ በዋጃ መንገድ ያሉ ገበሬ ናቸው፤ የአባቴ ማሳ የነበረው ከሳቸው ማሳ ቀጥሎ፣ በታች በኩል ነው። የዚያ ጎርፍ ዳኛም እሳቸው ናቸው፤ ማን መቼ ውሃ እንደሚያስገባ የሚያዝዙት። አባቴ ልጅ ሳለሁ ነው የሞተው። ከዚያ ወዲህ ሸህ እንድሪስ በየዓመቱ ማሽላ ሲገባ አንድ ጆንያ አሸክመው ሳይመጡ የቀሩበት ዓመት የለም። እኔ ደግነታቸው ነው ብዬ እቀበላለሁ።

እናቴ ሁሉን ነግራቸዋለች። እንደተቀመጥኩ ጀመሩኝ።

«ይቺ ሴትዮ ጋ ምን ብለህ ጠየቅህ?»

«ደብዳቤ ጻፍኩላት።»

«ደብዳቤውን ማን ይዞት ሄደ?»

«ማንም። እኔው ነኝ የላክሁት፣ በኢንተርኔት።»

ሸህ እንድሪስ ወደ እናቴ ዞሩ። «ዘነቡ፣ ይህን ልጅ እንዲህ ነው ያሳደግሽው? ራሱ ለራሱ ጠየቀ?»

እናቴ መሬት መሬቱን አየች። የሰረቅሁ ያህል አፈርኩ።

«ሸህ፣ የነሱ ሥርዓት ሌላ ነው። ሰው ለራሱ ነው የሚያመለክተው» አልኩ።

«ሚስት ስትፈልግ ሰው ትልካለህ። መሬት ስትፈልግ ሰው ትልካለህ። ጎረቤትህን በሬ ለሁለት ቀን ስትለምን እንኳ አንድ ሽማግሌ ይዘህ ነው። አራት ዓመት ቀልቡኝ ለሚል ነገር ብቻህን ትሄዳለህ?»

«እዚያ አገር ነውር አይደለም እኮ።»

«ነውር ካልሆነ ታዲያ ሦስት ዓመት ሙሉ ለምን ከለከሉህ?» አሉኝ።

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ስንት ምሁር አማክሬያለሁ፤ አንዳቸውም ይህን ምክንያት አንስተውልኝ አያውቁም። ዝም ስል የተስማማሁ መሰላቸው መሰለኝ፣ «አብሽር፣ አላህ ያግራዋል» ብለው ዱላቸውን ይዘው ተነሱ። እኔም ነገሩ በዚያ አለቀ አልኩ። ሞኝነቴ እዚህ ላይ ነው።

ሐሙስ ደረሰ። ጠዋት መብራት የለም። ዘይነባ ከጎረቤት ብየዳ ቤት ጄኔሬተር ተውሳ በሯ ላይ አስቀምጣ «ዛሬ ፎቶ ኮፒ የለም» የሚል ወረቀት ለጥፋለች። እኔ በግንቦት ሙቀት ሙሉ ልብስ ከነከረባቱ ግጥም አድርጌ ለብሼ ተቀምጫለሁ። ላቤ ከግንባሬ ተነስቶ ከረባቱ ጫፍ ላይ ይንጠባጠባል። መልሶቼን በካርድ ጽፌ ከስክሪኑ በታች ደርድሬያለሁ። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው በሩ ተከፈተና ሦስት ሰዎች በተርታ ገቡ።

ፊት ሸህ እንድሪስ፣ ነጭ ጥምጥም አድርገው፣ በአንድ እጃቸው ዱላ፣ በሌላው እርጥብ ሣር ይዘው። ከኋላቸው የሰፈራችን ቄስ፣ ቄስ ሞላ፣ መስቀላቸውንና ጥላቸውን ይዘው። በመጨረሻ ጋሽ አራጌ፣ ሰባተኛ ክፍል እንግሊዝኛ ያስተማሩኝ፣ አሁን ጡረታ የወጡ፣ ኮታቸው ኪስ ላይ ዛሬም እስክሪብቶ የማይጠፋው። ሰዓቱን ማን ነገራቸው ብዬ ወደ ዘይነባ ዞርኩ። ዘይነባ ጣሪያውን ታያለች።

«ሸህ፣ እባክዎ፣ ይቺን ሃያ ደቂቃ ብቻ» አልኩ።

«አንተ ሥራህን ሥራ። እኛ የመጣነው ለኛ ጉዳይ ነው።»

ዘይነባ ወንበር አቀረበች። ማንም አልተቀመጠም። ቄስ ሞላ «እስኪፈቀድልን አንቀመጥም» አሏት። የአገሬ ሰው ይህን ያውቃል። ሽማግሌ ለልመና ሄዶ ጉዳዩ ሳይፈቀድለት ከተቀመጠ፣ እንደ ተራ እንግዳ በልቶ ጠጥቶ ይሸኛል። ስለዚህ ይቆማል። ባለቤቱ ያፍራል፣ ይለምናል፣ በመጨረሻ እሺ ይላል። ይህ ሁሉ ግን ባለቤቱ ሥርዓቱን ሲያውቅ ነው። ልገፋቸው አልችልም፣ ልለምናቸው ጊዜ የለኝም። ኮምፒውተሩ ጮኸ። ጥሪውን አነሳሁት።

ፕሮፌሰሯ ብቅ አለች። ፀጉሯ አጭር፣ በእጇ ትልቅ ኩባያ። ፈገግ ብላ እኔን አየች፣ ቀጥላ ከትከሻዬ በላይ አየች፣ ፈገግታዋ ባለበት ቆመ።

«እነዚህ እነማን ናቸው?» አለች በእንግሊዝኛ።

ምን ልበል? «አማካሪዎቼ ናቸው» አልኩ።

ሸህ እንድሪስ ሰላምታ ጀመሩ። የራያን ሰላምታ ታውቁታላችሁ፤ በሃያ ደቂቃ ውስጥ የሚያልቅ አይደለም። «እንዴት ከረማችሁ በላት። ልጁስ፣ ከብቱስ፣ ጎረቤቱስ፣ ዝናቡስ በላት።» ተረጎምኩ። ፕሮፌሰሯ ቸር ሰው ናት፣ አንድም ሳትዘል መለሰች። ልጇ ደህና ነው። ከብት የላትም። ጎረቤቷን ብዙም አታውቀውም። ዝናቡ ግን ከልክ በላይ ሆኖ አስቸግሯል።

«ከብት የላትም?» አሉ ቄስ ሞላ አዝነው።

«ዝናቡ በዛ አለች?» አሉ ሸህ እንድሪስ። «ወላሂ፣ ይህንን ነገር አታማርሪ በላት።»

እንዳታማርር ነገርኳት። ሰዓቱን አየሁ፤ ሰባት ደቂቃ ሄዷል። ካርዶቼ በላቤ ረጥበዋል። ሸህ እንድሪስ አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ ብለው እርጥቡን ሣር በሁለት እጃቸው ወደ ስክሪኑ ዘረጉ። ካሜራው የቱ ጋ እንዳለ ስላላወቁ ሣሩ ካሜራው ላይ አረፈ። በዚያ በኩል ለፕሮፌሰሯ የሚታያት አረንጓዴ ብቻ ነው።

«ምስሉ ጠፋ» አለች ድምፅዋ።

«ሣር ነው» አልኩ። «ልመና ነው። ማለቴ፣ ባህል ነው።» ሦስት ዓመት የተዘጋጀሁበት እንግሊዝኛ ጥሎኝ ጠፋ። ቀስ ብዬ ሣሩን ተቀብዬ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት።

ፕሮፌሰሯ ኩባያዋን አስቀመጠች። «እሺ፣ ወደ ጥያቄዬ ልሂድ። አንድ ጥያቄ ነው ያለኝ» አለች። «ማመልከቻህ ላይ፣ የላይኛው ገበሬ ማሳው ሲጠግብ ክትሩን በፈቃዱ ቆርጦ ለታችኛው ይለቃል ብለሃል። ባይለቅስ?»

ይህ በካርዶቼ ላይ አልነበረም። ስለ ማኅበራዊ ቅጣት፣ ስለ መተዳደሪያ ደንብ፣ ስለ ሽምግልና ጥቂት ዓረፍተ ነገር ቀባጠርኩ። የሷ ፊት ምንም አልተንቀሳቀሰም። ይህን ፊት አውቀዋለሁ። ያቺ የዘይነባ ቃል ልትመጣ ነው። በሕይወቴ አንዲት ነገር እንዲህ ከእጄ ስትንሸራተት ተሰምቶኝ አያውቅም።

ሸህ እንድሪስ ትከሻዬን በዱላቸው ነካ አደረጉኝ። «ምን አለችህ?»

ነገርኳቸው። አንዱ ጉልበታቸው ያማቸዋል፤ ክብደታቸውን ወደ ሌላው እግር አዛወሩ።

«እኔ ልመልስላት። አንተ እንዳለ ተርጉም» አሉ። «አንድ ዓመት ጎርፉ አንድ ጊዜ ብቻ ወረደ። ማሳዬ ጠግቦ ነበር። መጠገቡን አይቻለሁ። ክትሩን ልቆርጥ አካፋዬን አነሳሁና ነገ ባይመጣስ አልኩ። አስቀመጥኩት። ውሃው ማሳዬ ላይ ተኝቶ አደረ፣ ለኔም ምንም አልጨመረልኝም። ጎርፉ ሁለተኛ አልመጣም። የታችኛው ማሽላ በቁሙ ደረቀ። ባለቤቱ በሬውን ሸጠ፣ ለቀን ሥራ ወደ ጥጥ እርሻ ወረደ፣ እዚያው ወባ ገደለው። ክሰሱኝ ብዬ ነበር። ማንም አልከሰሰኝም። ባይለቅስ ብላ የጠየቀችው ነገር ይህ ነው በላት።»

የታችኛው ማሳ የአባቴ ነው። ለናንተ ቀደም ብዬ ነግሬያችኋለሁ፤ ለኔ ግን ውሃው ለምን እንዳልደረሰው የነገረኝ አልነበረም። አባቴ ጥጥ እርሻ ለምን እንደወረደ ጠይቄ የማውቀው «ዓመቱ ክፉ ነበር» የሚል መልስ ብቻ ነው። ዞሬ አየኋቸው። እሳቸው እኔን አላዩም፤ የሚያዩት ስክሪኑን ነው።

«ተርጉም» አሉኝ።

ተረጎምኩ። ድምፄ ይሰበር እንደነበር ዘይነባ ኋላ ነግራኛለች። እኔ የማስታውሰው የጄኔሬተሩን ሳልና ከሥሩ የቄስ ሞላን የሚያንሾካሽክ ጸሎት ነው። «ባለቤቱ» የሚለው ቃል ላይ ስደርስ «አባቴ» ልበል አልበል አልኩና እንዳለ ተርጉም ተብያለሁ ብዬ «ባለቤቱ» አልኩ።

ፕሮፌሰሯ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች። ከዚያ «እባክህ ይቀመጡ በልልኝ። እግራቸው እየተንቀጠቀጠ ነው» አለች።

ለሸህ እንድሪስ ነገርኳቸው። «ፈቅዳለች?» አሉኝ።

ጠየቅኋት። እንዲህ አለች፤ «ይህ በኔ ብቻ የሚወሰን አይደለም። ኮሚቴ አለ። ቃል ልገባ አልችልም።»

ሦስቱም ይጠብቁኛል። የሸህ እንድሪስ ዱላ መሬቱ ላይ ይርገበገባል። ከኋላቸው ጋሽ አራጌ፣ ያለችውን ሁሉ ቃል በቃል የሰሙት፣ እስክሪብቷቸውን እያሻሹ ያዩኛል። በሕይወቴ ክፍል ውስጥ ኮርጄ ተይዤ የማውቀው በሳቸው ነው።

«ፈቅዳለች ሸህ። ይቀመጡ» አልኩ።

ሸህ እንድሪስ «አልሐምዱሊላህ» ብለው ተቀመጡ። ቄስ ሞላ ተቀመጡ። ጋሽ አራጌ ለአፍታ ቆዩና እሳቸውም ተቀመጡ። ፕሮፌሰሯ ይህን አይታ አፏን ልትከፍት ስትል ጄኔሬተሩ ነዳጅ ጨርሶ ጸጥ አለ። ስክሪኑ ጨለመ። ምን ልትል እንደነበር እስከዛሬ አላውቅም።

ቤት ገብቼ እናቴን «እማየ፣ ታውቂ ነበር?» አልኳት። ምስር እየለቀመች ነበር፣ ቀና አላለችም። «ያ ሁሉ ጆንያ ዝም ብሎ የሚመጣ መስሎህ ነው?» አለችኝ። ከዚያ በላይ አልጠየቅሁም። ሸህ እንድሪስን ልቆጣቸው ፈለግሁ፣ የምቆጣበትን ቦታ አጣሁት። ያስተማረኝ ማሽላቸው ነው።

እነሱ ደግሞ ወሬውን ለቀቁት። ከጎብዬ እስከ ዋጃ «ሽማግሌ ተልኮለት ተፈቀደለት» ተባለ። ባጃጅ ሾፌሩ ሳይቀር «ዶክተር፣ ጉዞ መቼ ነው?» ይለኛል። «በሂደት ላይ ነው» እላለሁ። ይህ ቃል ባይኖር ኖሮ እኔም አልኖርም ነበር።

መልሱ ሐምሌ ላይ መጣ። ያማረ፣ ረጅም ደብዳቤ ነው። ዘይነባ ጣቷን አንስታ ከላይ ጀምራ ወረደች። ሦስተኛው መስመር ላይ ቆመች። እንደ ልማዷ «እቺውልህ» ትላለች ብዬ ጠበቅሁ፣ አላለችም። «አታሚው ተበላሽቷል፣ ዛሬ አይታተምም» ብላኝ ወደ ጓዳ ገባች። አታሚው ደህና ነበር።

ደብዳቤው የሚለው ይህ ነው። ንግግራችን ልብ የሚነካ ነበር። ይሁን እንጂ ኮሚቴው ቦታውን የታተሙ ጽሑፎች ላሉት ለሌላ አመልካች ሰጥቷል። የሚያስደስተው ነገር ግን፣ ጥናቱ በናንተው አካባቢ ስለሚካሄድ፣ እኔ በአስተርጓሚነት፣ ሸህ እንድሪስ ደግሞ በዋና መረጃ ሰጪነት ብንተባበር ደስ ይላቸዋል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የሚያስደስተው የቱ ጋ እንደሆነ ፈልጌ አጣሁ።

ለሽማግሌዎቹ አልነገርኳቸውም። እናገራለሁ እያልኩ መኸር ገባ፣ ጆንያውም መጣ፣ ሠላሳ አምስቴንም አለፍኩ። በዓመቱ ሐምሌ ተመራጩ ተማሪ ቆቦ ደረሰ። እንድጠላው ተዘጋጅቼ ነበር። ረጅም፣ ፀሐይ አፍንጫውን የላጠው፣ ትሑት ልጅ ነው፤ ለመጥላት የሚያመች አይደለም። ጋሽ አራጌን ይዤ፣ እሱን አስከትዬ ወደ ሸህ እንድሪስ ማሳ ሄድን። በዋዜማው ጎርፍ ወርዶ ስለነበር ማሽላው በውሃ ውስጥ ቆሟል። ሸህ እንድሪስ ክትሩ ዳር በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፣ አካፋቸው ከጎናቸው ነው። ፈረንጁን ሲያዩ ፊታቸው በራ።

«ሊወስድህ መጣ?» አሉኝ።

ከዚህ በላይ ማምለጫ አልነበረኝም። «አይደለም ሸህ። ሊያጠና ነው የመጣው። ቦታውን የሰጡት ለሱ ነው።»

«ተፈቅዷል ብለኸን ነበር እኮ።»

«ዋሽቼ ነው። እግርዎ ይንቀጠቀጥ ነበር።»

ወደ ጋሽ አራጌ ዞሩ። «አንተ ትሰማ አልነበር? አላወቅህም?»

«አውቄያለሁ» አሉ ጋሽ አራጌ። «ምን ላድርግ፣ እኔም የሚያመኝ ጉልበት አለኝ።»

ሸህ እንድሪስ ለብዙ ጊዜ ውሃውን አዩ። ተማሪው ነገሩ አልገባውም፤ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ደብተሩን ገልጦ ጥያቄ ልጀምር ወይ አለኝ። ተረጎምኩ።

«ራሱ ለራሱ ነው የሚጠይቀው?» አሉ ሸህ እንድሪስ። «ሰው አልላከም?»

ጋሽ አራጌ እኔን አዩኝ። ተማሪው ከኔ ሌላ ሰው አልነበረውም። እንግዲህ ገምቱት፤ የኔን ቦታ ለወሰደ ሰው ሽማግሌ ሆኜ ልለምን ነው። ከክትሩ ዳር አንድ እጅ ሣር ነቅዬ ፊታቸው ቆምኩ።

«ተቀመጥ» አሉኝ።

«እስኪፈቀድልን አልቀመጥም።»

ሦስት ዓመት ለራሴ ስጽፍ ያልመጣልኝ ቃል ሁሉ ያን ቀን መጣልኝ። ልጁ አገር አቋርጦ መምጣቱን፣ ካልፈቀዱለት ባዶ እጁን እንደሚመለስ፣ እሳቸው የሚያውቁትን ሌላ የሚያውቀው እንደሌለ ተናገርኩ። አፌ እንዲህ ሲል ልቤ ግን እምቢ በሉት እያለ ይለምናቸው ነበር። እምቢ ካሉ ጥናቱ ይቀራል፤ ጥናቱ ከቀረ ፕሮፌሰሯ ምናልባት እኔን ታስታውሳለች። ይህን ያሰብኩት ሣር ይዤ ቆሜ ነው፣ አልዋሻችሁም።

ሸህ እንድሪስ ቀና ብለው አዩኝ። የልቤን ያነበቡት ይመስለኛል።

«እኔ አንዴ ውሃ ይዤ አይቻለሁ» አሉ። «ሁለተኛ አልይዝም። አንተም አትያዝ። ይጠይቅ፣ ፈቅጃለሁ።»

ሣሩን ሰጥቻቸው ተቀመጥኩ። ሸህ እንድሪስ ሣሩን ጭናቸው ላይ አድርገው ቀጠሉ። «አንድ ነገር ግን ንገረው። አገርህ ስትመለስ ለዚህ ልጅ ቁምለት በለው። እኛ ቆመናል፣ እዚያ ያለው ሰው አላወቀልንም። አንተ የቤታቸው ሰው ነህ በለው።»

ተርጓሚው እኔ ነኝ። እንዳለ ከተረጎምኩት ራሴ ለራሴ መጠየቄ ነው፣ ያውም በሸህ እንድሪስ ፊት። «ይመርቁሃል ነው የሚሉት» አልኩት በእንግሊዝኛ። ተማሪው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አመሰገነ።

ጋሽ አራጌ አሳላቸው። ሳሉን ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የተሳሳተ ነገር ስንጽፍ ነው የሚመጣባቸው። ብድግ ብለው፣ ኮታቸውን አስተካክለው፣ እያንዳንዱን ቃል እያስረዘሙ በእንግሊዝኛ ተናገሩ። «ትርጉሙ ስሕተት ነው። ሰውየው ያሉት፣ አገርህ ስትመለስ ለዚህ ልጅ ቁምለት ነው። እኛ ዘንድ ሰው ለራሱ አይጠይቅም። እሱ ሲጠይቅ የኖረው ለራሱ ነበር፣ ምክንያቱም ሰው አልነበረውም።» ጨርሰው ተቀመጡ።

ተማሪው እኔን አየኝ። እኔ ጫማዬን አየሁ። ደብተሩን ዘጋ፣ ቀስ ብሎ ከድንጋዩ ተነሳና ጭቃው ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። ቁምለት ሲባል አሁኑኑ መስሎታል። ማንም አላረመውም። ሸህ እንድሪስ ከእግሩ እስከ ራሱ አዩትና «ይህስ ገብቶታል» አሉ። ከዚያ አካፋቸውን አንስተው፣ እያነከሱ ሄደው፣ ማሳው ጠግቦ ስለነበር ክትሩን ይቆርጡ ጀመር። ውሃው ወደ ታች፣ ወደ አባቴ ማሳ ወረደ።

ተማሪው ወደኔ ጎንበስ ብሎ በለሆሳስ ጠየቀኝ፤ «እስከ መቼ ነው የምቆመው?»

«እኔ አራተኛ ዓመቴ ነው» አልኩት።